ብረት የማይገባበት ቤት

ቁልቁለቱን የወረደችው በሩጫና በእርምጃ መካከል በሆነ አካሄድ ነበር። በባሩድ ሠሪዎች ሰፈር መሮጥ ክልክል ነው። አንድ ሰው ሲሮጥ ከታየ ሌላው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይከተለዋል፤ እናቶች ልጆቻቸውን እየነጠቁ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ስለዚህ የባሻ ሚስት ብትቸኩልም አልሮጠችም። መጎናጸፊያዋን በጥርሷ ይዛ ብቻ እግሯን አፈጠነች።

ያረፈደችው ባሻን ስትላጭ ነው። ጦሩ ወደ ተራራው በር ሊዘምት ድንኳኑን እየነቀለ ነበር፤ ባሩዱ ግን ገና አልደረሰም። ዛሬ ሻለቃው ራሱ ይመጣል ተብሏል። ባሻን ልየው ካለ፣ የባሩድ ቤቱ አለቃ ጢሙ አንገቱን ውጦ፣ ከግድግዳ ጋር ተፋጦ መገኘት የለበትም። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ውሃ አሞቀች። አገጩን ይዛ ወደ ብርሃኑ ስታዞረው ዞረ፤ ስትለቀው እዚያው ቀረ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲያልፍ ግን ዓይኑን ገልጦ ተመለከተ። የተመለከተው እሷን ሳይሆን ምላጩን ነበር።

እንደጨረሰች ምላጩን ወደ አጥንት እጀታው አጠፈችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችውና ከመቀነቷ ሥር ከጎድኗ ጋር አጣበቀችው። ልማዷ ሆኗል። መጀመሪያ ዱቄት ማሰሮ ውስጥ ትደብቀው ነበር፤ ከእንቅልፏ እየባነነች ማሰሮውን ትበረብራለች። ከዚያ ጣሪያው ሥር ሸጎጠችው፤ ባሻ ቀና ባለ ቁጥር ልቧ ይመታል። ገመዱን ለጎረቤት አዋሰች። ቢላዎቹን አንድ በአንድ ከቤት አስወጣች። ምላጩን ግን የምታምነው አንድም ቦታ አጣች። ዓይኗን ለመክደን የምትደፍረው ሰውነቷ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

“እሱስ ተኝቷል፤ ያበድሽው አንቺ ነሽ” ብላታለች እህቷ ባለፈው መጥታ። “ሰው ወገቡን ይዞ ቤት ውስጥ ይዞራል? ደግሞ ትልቅ ሰው ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ዝም ማለት ያለ ነው። ባልሽ አርጅቷል በቃ።”

ምናልባት እውነቷን ይሆናል። የባሻ ሚስት ራሷም አንዳንዴ እንዲያ ትላለች።

የባሩድ ቤቱ ሕግ ግን እንዲህ ያለ ልማድ አይፈቅድም። ብረት አይገባም። ቁልፍ፣ መርፌ፣ ሚስማር የተመታበት ጫማ፣ ሁሉም በር ላይ ይቀራል። ሙቀጫው እንጨት፣ ዘነዘናው እንጨት፣ የበሩ ማጠፊያ እንኳ ናስ ነው። ብረት ድንጋይ ሲነካ እሳት ይተፋል፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች። ስለዚህ የባሻ ሚስት በየማለዳው በሩ ጋ ሳትደርስ፣ ግንቡ ወደ በሩ በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ባለ ስንጥቅ ውስጥ ምላጩን ትሸጉጠዋለች፤ ማታ ስትወጣ ትወስደዋለች። ይህን የሚያውቅ የለም።

ማዕዘኑ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ከኋላዋ የፈረስ ኮቴ ሰማች።

“የባሻ ቤት! አንቺን እኮ ነው!”

ሻለቃው ነበር። የፈረሱ ኮቴ ብረት ስለሆነ ወደ ግንቡ አያስጠጉትም፤ ልጓሙን ለተከተለው ወታደር ወርውሮ በእግሩ ደረሰባት። ወፍራምና ቀይ ፊት ያለው፣ ሲራመድ የሚያለከልክ ሰው ነው።

“ባሻ እንዴት አደረ?”

“ደህና አድረዋል ጌታዬ። ያው ጀርባቸው ነው እንጂ።”

“ይኼ ጀርባ መቼም አልድን አለ!”

“እርጥበቱ ነው የማያሽረው።”

“ባለፈው የላካችሁልን ባሩድ ጥይቱን ካፈሙዙ አውጥቶ እግሬ ሥር ጣለው። ተኳሹ ደግሞ ‘ልልቀመው ወይ ጌታዬ?’ ይለኛል።”

ሳቀች። መሳቅ እንዳለባት ስለገባት ነው የሳቀችው።

“በባሻ እጅ ያለፈ ነው ያ ባሩድ?”

“በሳቸው ትእዛዝ፣ በኔ እጅ ነው።”

“እንግዲያው ዛሬ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ሰው ጀርባውን ቢታመም ምላሱ ይሠራል መቼም።”

ቤት ይመጣል። ይህን ብቻ ነው የሰማችው። በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ባሻ አይዞርም። “ባሻ” ይለዋል፤ ባሻ አይመልስም። ሻለቃው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ወደ እሷ ያያል። ምን ትለዋለች? ትኩሳት ጨምሮባቸው ነው ትበል? ሌሊቱን ሲያቃስቱ አድረው አሁን ገና ሸለብ አድርጓቸው ነው ትበል? ይህኛው ይሻላል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው መናገር ያለባት፣ እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሰው። ቃላቱን እየደረደረች፣ እያፈረሰች፣ እንደገና እየደረደረች ከሻለቃው ጎን ተራመደች።

ማዕዘኑን አለፉ።

በሩ ላይ ዳሳሽ ቆማለች። በእናቷ የወጣላትን ስም ያስታወሰ የለም። ሥራዋ የሚገባውን ሁሉ ከፀጉሩ እስከ ተረከዙ መዳሰስ ስለሆነ ስሟም ይኸው ሆኖ ቀረ። ከባሻም በዕድሜ ትበልጣለች።

“እጅ ወደ ላይ!” አለችው አንዱን ወቃጭ። “ክብሪት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ደብቀሃል?”

ቁጣው ቶሎ ስለሚነድ ነው ክብሪት የተባለው። ባሩድ ቤት ውስጥ እንዲህ የሚባል ሰው መኖሩ እንግዳን ሁሉ ያስደነግጣል።

“ልቤን ነው እማማ። ብረት ሆኗል።”

“እሱንም አውጥተህ ግባ።”

ሻለቃው ሰይፉንና ሽጉጡን ፈትቶ አስረከበ። የቀበቶው ዘለበት ብረት ስለነበር ቀበቶውንም ሰጠና ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ቆመ። ክብሪት ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የባሻ ሚስት እንደ ሁልጊዜው ጫማዋን አወለቀች። እሷን የሚዳስሳት የለም። አለቃውንና ቤተሰቡን መዳሰስ ነውር ነው፤ ሙያህን አታውቅም ብሎ እንደ መስደብ ይቆጠራል።

“አንቺንማ ምን ብዬ” አለቻት ዳሳሽ። “እለፊ ልጄ። ፊትሽ ግን ምነው እንዲህ አመድ መሰለ?”

“እንቅልፍ ነው እማማ።”

“ተኚ እንጂ ታዲያ!”

“እሺ” አለችና ገባች።

የመውቀጫው ክፍል ወለሉ ድንጋይ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ሙቀጫዎቹ ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ፊት አንድ ወቃጭ። ዘነዘናዎቹ በየተራ ይወድቃሉ። የባሩድ ጨው፣ ድኝና ከሰል አብረው ይወቀጣሉ፤ እንዳይደርቁ ውሃ ይርከፈከፍባቸዋል። ውሃው ካነሰ አደጋ ነው፤ ከበዛ ደግሞ ጥይቱ የሻለቃው እግር ሥር ይወድቃል። ልኩን የሚያውቀው የባሻ እጅ ነበር። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ግን ልኩን የምትለየው እሷ ናት። ድብልቁን በሁለት መዳፏ መካከል ጨምቃ ትለቀዋለች፤ ቅርጹን ይዞ ከቆየና መዳፏን ካላረጠበ ደርሷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሙቀጫ ላይ ጎንበስ ስትል ጎድኗን አንድ ነገር ተጫናት።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ እግሯ ሥር ያለው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ተሰማት።

ቀስ ብላ ቀና አለች። ቀና ስትል ምላጩ ወደ ዳሌዋ ተንሸራተተ። ማለዳ በጥድፊያ ያሰረችው መቀነት ላልቷል። ጨርቁ ተፈትቶ የአጥንት እጀታው ሰውነቷን ነካ። ክርኗን ወደ ጎኗ ጨምቃ ያዘችው።

ከሰሉ በአየሩ ውስጥ ተንሳፍፏል። በጠባቡ መስኮት የገባው ብርሃን ጥቁር ሆኖ ይታያል። ክብሪት እየወቀጠ በአፍንጫው ያንጎራጉራል።

ሕጉን አሳምራ ታውቃለች፤ ለአዳዲሶቹ የምታስተምረው እሷ ናት። ብረት ውስጥ መግባቱን ያወቀ ሰው “ብረት!” ብሎ ይጮኻል። ዘነዘና ያነሳ እንዳነሳ ይቆማል፤ አያወርድም። ለገመዱ የቀረበው ሰው ይስበዋል፤ ጣሪያው ላይ የተሰቀሉት የውሃ በርሜሎች ይገለበጣሉ። ወለሉም ሰውም ሙቀጫውም ይርሳል። የዕለቱ ባሩድ ይበላሻል። ብረቱን ያስገባው ሰው ደግሞ ከነቤተሰቡ ከሰፈሩ ይባረራል። ባሻ ከዚያ አልጋ ላይ ተነስቶ የት ይሄዳል? ማንስ ቤት፣ ስንት ገመድና ስንት ቢላ ወዳለበት ቤት?

በጸጥታ መውጣት ትችላለች። ቀስ ብላ፣ ክርኗን እንደጨመቀች።

“ጌታዬ፣ አንዴ ወጣ ብዬ ልመለስ።”

ሻለቃው በሩን ሞልቶት ቆሟል። “ምን ልታደርጊ?”

“ውሃ ልጠጣ።”

“ይኸው ውሃ፤ ውሃ እዚህ ሞልቶ የለ! በመጀመሪያ ይኼ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ጦሩ እኮ ጫማውን አስሮ ቆሟል።”

“ይደርሳል።”

“በእጅሽ ነው የምታይው ብለውኛል። እስቲ እዪው።”

በግራ እጇ ብቻ ጨበጥ አድርጋ ዘገነች።

“እትዬ፣ ቀኝ እጅሽን ምን ነካው?” አለ ክብሪት። “የባሻ ጀርባ ወዳንቺ ተዛወረ እንዴ?”

ወቃጮቹ ሳቁ። ሻለቃውም ሳቀ። ሁሉም ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ሁለተኛው መዳፍ እስኪመጣ እየጠበቁ ነው። ክርኗ እየዛለ ሄደ። ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ሲለቅ፣ እጀታው ወደ ታች ሲያዘነብል ተሰማት። አንድ ጣት ያህል ተንሸራተተ። ክብሪት ዘነዘናውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ ማጅራቱ ላይ ላቡ ከሰሉን ሰንጥቆ ቀጭን ነጭ መስመር ሠርቷል።

“ብረት!”

ድምፅዋ የሷ አልመሰላትም።

ዘነዘናዎቹ ባሉበት ቆሙ፤ አንዱ በአየር ላይ፣ አንዱ ሙቀጫው አፍ ላይ።

“እኔ ጋ ነው። ብረቱ እኔ ጋ ነው።”

ክብሪት ዓይኑን ከሷ ሳያነሳ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና ገመዱን ሳበ። ውሃው እንደ ግድግዳ ወረደ። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጠፈ፤ ክርኗን ግን አላላላችም። ሻለቃው ሱሪውን እንደያዘ ከላይ እስከ ታች በሰበሰ።

ቀጥሎ የመጣው የዳሳሽ እጅ ነበር። ከኋላዋ መጥታ፣ ምንም ሳትናገር፣ በመቀነቷ ሥር እጇን አስገባች። ምላጩን በረጠበ ጨርቅ ያዘችውና የሞላ ጽዋ እንደያዘ ሰው በቀስታ ተራምዳ ወጣች።

ከዚያ የአደጋው ደወል ተደወለ።

ግቢው ውስጥ አቆሟት። ከግንቡ ማዶ የሰፈሩ ሰው ወደ ወንዙ ሲሮጥ ይሰማል። ወቃጮቹ ርቀው ቆሙ። ማንም አልሰደባትም፤ ክብሪት እንኳ። ይህ ከስድብ ባሰባት።

“የማን ነው ይኼ?” አለ ሻለቃው። ፊቱ ላይ ውሃውና ከሰሉ እየተቀላቀለ ይወርዳል።

“የባሻ።”

“የባሻ ምላጭ አንቺ ወገብ ላይ ምን ይሠራል?”

ያን ሁሉ የደረደረችውን ውሸት ፈለገች። አንዱም አልተገኘም።

“ቤት ውስጥ የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።”

“ምን ማለት ነው ይኼ?”

ሻለቃው አልገባውም፤ ዳሳሽ ግን ገባት። ምላጩን አየች፣ ከዚያ የባሻን ሚስት አየች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለቻት።

“ከክረምቱ በፊት።”

“ጀርባውን ነው ስትይኝ እኔ ደግሞ ቅባት አልላክሁልሽም?”

“እኔ ተቀባሁት እማማ። ጀርባዬን ያመኛል።”

ያን ጊዜ በበሩ በኩል አንድ ሰው ገባ። ሰፈሩ ሁሉ ወደ ወንዙ ሲወርድ ብቻውን ወደ ባሩድ ቤቱ የመጣ። ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ባዶ እግሩን፣ ፊቱ ገና ከማለዳው ተላጭቶ። ወቃጮቹ መንገድ ለቀቁለት።

“ሙቀጫዎቹ ሁሉም ረጥበዋል?” አለ ባሻ። ድምፁ የረጅም ጊዜ ዝገት ነበረው።

“ሁሉም ባሻ” አለ ክብሪት።

“ወለሉስ?”

“ወለሉም።”

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ነው ሚስቱን ያያት።

“ባሻ!” አለ ሻለቃው። “ጀርባህ እንዴት ነው?”

“ጀርባዬ?” ባሻ ግራ ተጋባ። “ጀርባዬ ደህና ነው።”

“ታዲያ ምን ሆነሃል?”

ባሻ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ። ሻለቃው አንዴ ወደ ዳሳሽ፣ አንዴ ወደ ሰማይ ተመለከተ።

“እንጃ” አለ ባሻ። “መነሳት አቃተኝ።”

“ሚስትህ ይህን ይዛ ገብታ ሁላችንንም ልታጋየን ነበር!”

ባሻ ዳሳሽ እጅ ላይ ያለውን አየ። “ወገቧ ላይ ነበር እንዴ?” አለ። ስለ ጠፋ ቁልፍ እንደሚያወራ ሰው ነበር የተናገረው። “ትናንት ፈልጌው ነበር።”

ዳሳሽ ምላጩን ከነጨርቁ ወደ ጀርባዋ ደበቀችው።

የባሻ ሚስት ሳቀች። ልታቆመው ሞከረች፤ አልቆም አለ። አላበደችም ነበር! ማሰሮውን ስትበረብር፣ ትንፋሹን ስታዳምጥ፣ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ከመንገድ ስትመለስ፣ አንድም ጊዜ አላበደችም። ሳቁ ተሰብሮ ሌላ ድምፅ ሆነ፤ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ዳሳሽ በብብቷ ሥር ይዛ አቆመቻት።

“ሕጉ የታወቀ ነው” አለ ሻለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ብረት ያስገባ ከሰፈር ይወጣል። እሱ ግን እንዲህ ሆኖ የት ይሄዳል? ዘበኛ ቤት ይሁን። እጁ ይታሰር፤ ዘበኛ ይጠብቀዋል። ለራሱም ይሻለዋል። አንቺስ ምን ትያለሽ?”

አዎ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ተቀመጠ። ዘበኛ ይጠብቀዋል። እሷ ትተኛለች፤ በጎኗ፣ በጀርባዋ፣ እንደፈለገች ትገላበጣለች። ባሻ ራሱን ዝቅ አድርጎ ፍርዱን ይጠብቃል። የውስጥ እግሩ መንገድ ላይ ተሰንጥቆ ይደማል፤ እሱ ግን አላወቀም።

“አይታሰርብኝ” አለች። “ብቻዬን ግን አልችልም። ከዛሬ በኋላ ብቻዬን አልችልም።”

“እኔስ የት ሄጄ?” አለች ዳሳሽ። “ቀን ቀን እዚህ በሬ ላይ ከኔ ጋር ይቀመጣል። ሥራዬ ሰው መጠበቅ አይደል እንዴ? ጥፋቱም የኔ ነው፤ ነውር ነው ብዬ ሳልዳስሳት አሳለፍኳት። መባረር ካለብኝ እኔን ያባሩኝ።”

“ሁሉም ይባረርና ባሩዱን ማን ይወቅጣል?”

“እኛ እንወቅጣለን” አለ ክብሪት። “እስከ ማታ አናርፍም። ደረሰ አልደረሰም የሚለውን እኔ እለያለሁ፤ አይቻት አይቻት ለምጄዋለሁ። ከተሳሳትኩ ጥይቱን እግርዎ ሥር ያገኙታል ጌታዬ፤ ያኔ ይፍረዱብኝ።”

ሻለቃው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን ሱሪው ስላመለጠው ያዘው።

“ከዛሬ ጀምሮ ሳይዳሰስ የሚገባ የለም” አለ በመጨረሻ። “አለቃም ብትሆኑ። እኔም ብሆን። አንቺ ሁለተኛ እዚህ እግርሽ እንዳይደርስ። ከሰፈሩ መባረራችሁን በሚመለከት ጦሩ ሲመለስ እንነጋገራለን።”

“ከተመለሰ” አለ ባሻ ለራሱ። ሁሉም እንዳልሰማ ሆኖ አለፈው።

ዳሳሽ በሩን ለሌላ ሰው አስረክባ አብራቸው ወጣች። የባሻ ሚስት ፊት ፊት ሄደች፤ የረጠበው ቀሚሷ እግሯ ላይ ይጣበቃል። ከኋላዋ የባሻ ባዶ እግር፣ ከዚያ የዳሳሽ ጫማ ይሰማታል። መንገዱ ወንዙን ቁልቁል ወደሚያየው ጠርዝ ሲደርስ የባሻ እርምጃ ቆመ።

አንገቷ ሊዞር ተነሳ። እስከ ትከሻዋ ድረስ አመማት።

“እዚህ ቆመህ ምን ታያለህ አንተ?” አለች ዳሳሽ።

ከታች ውሃው ድንጋዩን ሲመታ ብቻ ይሰማል። የዳሳሽ ጫማ ሁለት ጊዜ ፈጠን ብሎ ሲራመድ፣ ወደ ባዶው እግር ሲጠጋ ሰማች።

“ክንድህን ስጠኝ። አይደለም፣ ይኼኛውን። ያዝኩህ።”

ሚስቱ አልዞረችም። ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ አቀበቱን መውጣት ጀመረች።